መልክ የማን ነው? የአድናቂ ሥዕል፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስልና በመሣሪያ የሚከናወን የቅጂ መብት ጥበቃ

አንድ ሥዕል በፌስቡክ ወይም በዩቲዩብ በተጫነ ጊዜ ከተመልካች ሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው መሣሪያ ነው፤ ይህም መሣሪያ ባለመብቶች ቀደም ብለው ካስመዘገቧቸው ሥዕሎችና ፊልሞች ጋር አመሳክሮ፣ ተመሳሳይ ሆኖ ያገኘውን እንደ ባለመብቱ ምርጫ ያግዳል፣ ወይም ከማስታወቂያ የሚገኘውን ገንዘብ ወደ ባለመብቱ ያዞራል፣ ወይም ሳይነካው ስንት ሰው እንዳየው ብቻ ይከታተላል። ይህ አሠራር ፍትሕ ነው ወይስ የፍትሕ ምትክ የሚለው ሙግት ሃያ ዓመት ያህል ሲንከባለል ቆይቶ፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በጥቂት ቃላት ትእዛዝ ምስል ማውጣት ለሕዝብ ሁሉ በተከፈተ ጊዜ አዲስ ጉልበት አገኘ።

ከዲላ በስተ ደቡብ በቡናና በእንሰት መካከል ለምትገኘው ለፍስሐ ገነት ይህ ሁሉ የባሕር ማዶ ወሬ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በዚያች ከተማ በስልኩ ሥዕል የሚሠራ አንድ ወጣት የሚወደውን የፊልም ጀግና ጥበብ አልብሶ ከእንሰት ሥር አቆመው እንበል፤ ሥዕሉ በሕዝብ ፊት ይቆይ ወይም ይነሣ ዘንድ የሚወስነው በነጋሪት ጋዜጣ የታወጀው የኢትዮጵያ ሕግ ሳይሆን በካሊፎርንያ ያለ ኩባንያ ያቆመው ማጣሪያ ነው። ሕግ ማን ሠራው፣ ከምን ወሰደው፣ ለምን አደረገው ብሎ ሲጠይቅ መሣሪያው ምን ይመስላል ብሎ ብቻ ይጠይቃል። በጉዳዩ ውስጥ ያለው ውዝግብ አብዛኛው የሚመነጨው ለሁለተኛው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ለመጀመሪያው እንደ ተሰጠ ሆኖ ከመቆጠሩ ነው።

መቅዳት ክብር በነበረበት ዘመን

በኢትዮጵያ የሥነ ሥዕል ታሪክ ውስጥ መቅዳት ለብዙ ዘመን እንደ ነውር አልተቆጠረም፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ከአባቶቹ የተቀበለውን አርአያ ጠብቆ ማስተላለፉ ትሩፋት እንጂ ስርቆት አልነበረምና። ለዚህ ነገር ከሁሉ የጎላው ምስክር በሮም ከተማ በቅድስት ማርያም ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕል ታሪክ ነው። የኢየሱሳውያን ማኅበር አለቃ የነበረው ፍራንቼስኮ ቦርጃ ይህች ሥዕል ትቀዳ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1569 ከሮም ጳጳስ ፈቃድ ተቀበለ፤ ቅጂዎቿም በሚሲዮናውያን እጅ ወደ አገራችን ደርሰው፣ የጎንደር ሠዓልያን ምስለ ፍቁር ወልዳ ለሚባለው ሥዕል አርአያ አደረጓት። ኢየሱሳውያኑ በዐፄ ፋሲል ዘመን ከአገር ተባርረው ሲወጡ ሥዕሏ ግን ቀረች፤ ለመጀመሪያው ቅጂ የጳጳስ ፈቃድ ያስፈለጋት ሥዕል በጎንደር አድባራት ያለ ማንም ፈቃድ ተባዛች። እንደዚሁም እ.ኤ.አ. በ1590 እና በ1591 በሮም በታተመው የዐረብኛ ወንጌል ውስጥ ያሉት የአንቶንዮ ቴምፔስታ ሥዕሎች የጎንደር ሠዓልያን ለወንጌል ታሪክ አብነት ሆነዋል፤ ሠዓልያኑም ፊቱን፣ ልብሱንና ቀለሙን ወደ አገራቸው ወግ መልሰውታል።

ኵርዓተ ርእሱ የተባለችው፣ ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ይዘዋት ይወጡ የነበረችው የጌታ ሥዕል ደግሞ ሌላ ነገር ታስተምራለች። የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ዋናይቱን ለራሱ ወስዶ ሲሄድ፣ በአገር የቀሩት ከእርሷ የተቀዱት ነበሩ። ቅጂ ዋናውን ከሞት የሚያድንበት ጊዜ እንዳለ የዛሬ ባለመብቶች እምብዛም አያነሡትም።

ሆኖም ይህን ታሪክ ለዛሬው ክርክር እንደ ተዘጋጀ መልስ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው። ሥዕለ አድኅኖ የሚቀዳው ለአምልኮ እንጂ ለተመልካች ብዛት ወይም ለማስታወቂያ ገንዘብ አልነበረም፤ ከዚህም በላይ ስምን የማክበር ልማድ በጊዜው ጨርሶ የለም ማለት አይቻልም፤ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ፍሬ ጽዮን በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ ባለው ሥዕሉ ላይ ስሙን ጽፏል። በዘመኑ ያልነበረው ሌላውን የመከልከል መብት ነው። ሠሪው በስሙ ይታወቅ ማለትና ከሠሪው በቀር ማንም አይሥራው ማለት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ የዛሬ አድናቂ ሠዓልያን የሚሉትም ከመጀመሪያው ጋር ይስማማል፦ ምንጩን እንጠራለን፣ እናከብራለን፣ ፈቃድ ግን አንለምንም።

ከፍትሐ ብሔር ሕጉ እስከ ቅጂ መብት አዋጁ

የመከልከል መብት በዘመናዊ መልኩ ተደራጅቶ የገባው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ይህ ሕግ ለድርሰትና ለሥነ ጥበብ ሥራ ባለቤትነትን ሲሰጥ ፎቶግራፍን ግን በጥርጣሬ ዓይን ተመለከተው፤ በስብስብ ወይም በመጽሐፍ ካልወጣ፣ አለዚያም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ስምና አድራሻ ካልያዘ በቀር እንደ አእምሮ ፍሬ አይቆጠርም ነበርና። በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ጥርጣሬውን አለዘበው እንጂ አላጠፋውም፤ ለሌላው ሥራ የሠሪውን ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት ሲሰጥ ለፎቶግራፍ 25 ዓመት ብቻ ሰጠ። በአሜሪካ ግን የከፍተኛው ፍርድ ቤት ፎቶግራፍ አንሺው ሳሮኒ ደራሲውን ኦስካር ዋይልድን ያነሣበት ፎቶግራፍ ጥበቃ ይገባዋል ብሎ እ.ኤ.አ. በ1884 ወስኗል፤ ምክንያቱም አቀማመጡን፣ ልብሱንና ብርሃኑን የመረጠው ካሜራው ሳይሆን ሰውዬው ነውና። ዛሬ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚነሣው ሙግት ሁሉ የዚህ የካሜራ ሙግት ወራሽ ነው።

አዋጅ 410 ለአድናቂው ሥዕል ምን ይላል ቢባል መልሱ በሁለት ይከፈላል። በአንድ ወገን ሥራን ወደ ሌላ መልክ የመለወጥ መብት የሥራው አመንጪ ነው፤ ለግል ጥቅም መቅዳት፣ መጥቀስና ማስተማር ሲፈቀዱ፣ በሌላው ሥራ ላይ ስለሚሠራ ሽሙጥና ቀልድ ግን በግልጽ የተጻፈ የለም። በሌላው ወገን ጥበቃው በዋናው የተዘረጋው ለኢትዮጵያውያንና በኢትዮጵያ ለሚኖሩ፣ ወይም በመጀመሪያ በኢትዮጵያ ለታተመ ሥራ፣ እንዲሁም አገሪቱ በገባችበት ስምምነት ለሚጠበቀው ነው፤ አዋጁ በወጣበት ጊዜም ኢትዮጵያ የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም። ስለዚህ በዚያ ዘመን ሕግ የውጭ አገር የካርቱን ጀግና በፍስሐ ገነት ቢሣል የኢትዮጵያ ዳኛ የሚቀጣበት አንቀጽ ማግኘቱ እጅግ ያጠራጥራል፤ የዚያው ወጣት ሥዕል በዩቲዩብ ላይ ሊታገድ መቻሉ ግን ምንም አያጠራጥርም።

አዋጁ በመጀመሪያ ጽሑፉ ሆን ብሎ መብት ለጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጎ ነበር። ይህ ክብደት ጥቂት ማሰብ ይገባዋል፤ ቅጣት ሲከብድ ከሳሽም ዳኛም ሊያነሡት ይፈራሉና፣ ሕጉ በወረቀት አስፈሪ ሆኖ በተግባር ይተኛል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872፣ ይበልጡን የተጨነቀው ለሮያሊቲ አሰባሰብና ለጋራ አስተዳደር ማኅበራት ነው፤ ጥያቄው ሲነሣ በብዙዎቹ ሕሊና የነበረው ካሴትና ሲዲ የተሰረቀበት ዘፋኝ እንጂ ሠዓሊ አልነበረም። ሌላም የሚደንቅ ነገር አለ፤ የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ማኅበራዊ ሚዲያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘቱን እንዲያነሡ ሲያዝ፣ በቅጂ መብት አዋጁ ውስጥ ግን ስለ ጥቆማም ሆነ ስለ ማንሣት፣ በስሕተት የተነሣውንም ነገር ስለ መመለስ አንድ ቃል አልተጻፈም። ባዶውን ቦታ የሞላው የሌላ አገር ሕግ ነው።

መሣሪያው የሚያይበት መንገድ

ያም ሕግ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ሚሌኒየም የቅጂ መብት ሕግ ነው። ኩባንያው ጥቆማ ሲደርሰው ፈጥኖ ካነሣ ከኃላፊነት ነፃ ይሆናል የሚለው ድንጋጌ፣ ለኩባንያዎቹ ከመመርመር ይልቅ ማንሣት እንዲቀልላቸው አደረገ። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2007 ኮንቴንት አይዲ የተባለውን ማመሳከሪያ ሲዘረጋ፣ ፌስቡክ ደግሞ ራይትስ ማኔጀር የተባለውን እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ ሥዕል አስፋፋው።

የማመሳከር ሥራ ከሁሉ በቀላል ዘዴው እንዲህ ነው። ሥዕሉ ቀለሙን ተገፎ ወደ ግራጫ ይለወጣል፤ ቀጥሎ ተጨምቆ 8 በ8 የሆነ፣ በጠቅላላው 64 ነቁጥ ያለው ትንሽ ገበታ ይሆናል፤ የገበታው አማካይ ብርሃን ተሰልቶ፣ ከአማካዩ የደመቀው ነቁጥ 1፣ የጨለመው 0 ይባላል። ከዚህ የሚወጡት 64 አኃዞች የሥዕሉ አሻራ ናቸው፤ ሁለት አሻራዎች የሚለያዩባቸው አኃዞች ጥቂት ከሆኑ ሁለቱ ሥዕሎች አንድ ናቸው ይባላል። ታላላቆቹ ኩባንያዎች የሚሠሩባቸው ዘዴዎች ከዚህ እጅግ የረቀቁ ቢሆኑም በ64ቱ ነቁጦችም ሆነ በረቀቀው ስሌት ውስጥ ፈቃድ፣ ዓላማ፣ ሽሙጥ፣ ትምህርት ወይም ጸሎት የሚመዘገብበት ቦታ የለም።

የዚህም ውጤት በተጻፈ ማስረጃ ይታወቃል። ዩቲዩብ ራሱ ባወጣው ዘገባ እ.ኤ.አ. በ2021 የመጀመሪያ 6 ወራት ከ722 ሚሊዮን በላይ የባለቤትነት ጥያቄዎች በኮንቴንት አይዲ ቀርበዋል፤ ከእነዚህ የተቃወሙት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም፤ ከተቃወሙት ግን 60 በመቶ ያህሉ ረትተዋል። ይህን አንድ ቁጥር ሁለቱም ወገን ለየራሱ ይጠቅሰዋል። ባለመብቶች የተቃዋሚውን ማነስ ይዘው መሣሪያው እምብዛም አይሳሳትም ይላሉ፤ ተቃዋሚዎች ደግሞ የረቺውን መብዛት ይዘው፣ ዝም ያለው ሁሉ ጥፋተኛ ሆኖ ሳይሆን ፈርቶ ወይም ታክቶ ነው ይላሉ። እኔ ሁለተኛው ወገን ወደ እውነት ይቀርባል ባይ ነኝ፤ ምክንያቱም ዝምታ በራሱ ማስረጃ አይሆንም። ስሕተቶቹም አስቂኝ የሚሆኑበት ጊዜ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የናሳ መንኰራኵር ማርስ ላይ ስታርፍ ናሳ ራሱ የጫነው ፊልም በዜና ድርጅት ጥያቄ ታግዶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ አንድ አውስትራሊያዊ በጫነው ለ10 ሰዓት የሚሰማ ባዶ ሹሹታ ላይ አምስት የባለቤትነት ጥያቄ ቀረበ።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። በእኛ አገር የዩቲዩብ ሰዎች «ኮፒራይት መታኝ» ሲሉ አንዳንዴ የመሣሪያውን ጥያቄ፣ አንዳንዴም «ስትራይክ» የሚባለውን ሕጋዊ ጥቆማ ማለታቸው ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ ይወስዳል ወይም ያግዳል እንጂ ቻነሉን አያጠፋም፤ ሁለተኛው ግን በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ከገባ ቻነሉን ያዘጋል። ለሁለተኛው የአጸፋ ማስታወቂያ መላክ ይቻላል፤ ሆኖም ላኪው ሙሉ ስሙን፣ አድራሻውንና ስልኩን ገልጦ፣ በሐሰት ምስክርነት እንደሚጠየቅ አውቆ፣ ከአሜሪካ ውጭ የሚኖር ከሆነም ኩባንያው በሚገኝበት የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ለመዳኘት መስማማት አለበት። የፍስሐ ገነቱ ወጣት ስለ አንድ ሥዕል ይህን ይፈርማል ብሎ የሚጠብቅ ማን ነው?

የአድናቂው ሥዕል በክርክር መካከል

ባለመብቶች አድናቂው የሚጠቀመው በሌላ ሰው ድካም በተገነባ ዝና ነው፤ አንዱን ዝም ማለት ሺሁን መጋበዝ ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሠዓሊው በዋርሆልና በፎቶግራፍ አንሺዋ በጎልድስሚዝ ጉዳይ፣ ሥዕል አዲስ ትርጉም መጨመሩ ብቻ እንደማይበቃ፣ ለተመሳሳይ ገበያ ከዋለ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው መወሰኑ ይህን ወገን አበርትቶታል።

በአንጻሩ የጃፓን ልምድ አለ። ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቶክዮ በሚደረገው ኮሚኬት በተባለው ታላቅ ገበያ አድናቂዎች በታወቁ ጀግኖች ላይ የሠሯቸውን መጻሕፍት ራሳቸው ይሸጣሉ፤ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሕጓን ስታጠብቅም ይህን የመሰለው ሥራ ባለመብቱ ካልከሰሰ በቀር ዐቃቤ ሕግ በራሱ እንዳይነሣበት አድርጋ ትታዋለች። ጥበቡ ያለው በዚህ መቻቻል ላይ ነው፤ ሕጉ ቢጠብቅም ሰው ዝም የሚልበት ቦታ ተተወ። መሣሪያ ግን ዝም ማለትን አያውቅም፤ ባለመብት አይቶ እንዳላየ የሚያልፈውን ሁሉ እርሱ ይቆጥረዋል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ተረድቶ ይመስላል እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ በ17ኛው አንቀጹ ማጣሪያ የመጥቀስን፣ የሂስን፣ የካሪካቸርንና የሽሙጥን መብት እንዳይነካ ያዘዘው፤ ፖላንድ ባቀረበችው ክስም የኅብረቱ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 መመሪያውን ሲያጸና፣ የተፈቀደውንና ያልተፈቀደውን በሚገባ የማይለይ ማጣሪያ ተቀባይነት እንደሌለው ገልጧል። እንዲህ ያለ ማጣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ግን ፍርድ ቤቱ አልነገረንም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በእጅ የተሣለ የአድናቂ ሥዕል ብዙ ጊዜ በአሻራው አለመያዙ ነው፤ መስመሩና አቀማመጡ ከዋናው ይለያልና። የሚያስይዘው ስሙ ነው። ሠዓሊው ለአክብሮት የጀግናውን ስም ከሥዕሉ በታች ሲጽፍ፣ ለባለመብቶች ተቀጥረው ስም እየፈለጉ በጅምላ ጥቆማ የሚልኩ ፕሮግራሞች ያገኙታል። በጥንቱ ሥርዓት ትሩፋት የነበረው ምንጭን መጥራት በዚህ ሥርዓት ራስን ማጋለጥ ሆኗል።

ሠሪ የሌለው ምስል

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚወጣው ምስል ሁለት ጥያቄ ያስነሣል፤ የወጣው ምስል ባለቤት ማን ነው የሚለው አንዱ ሲሆን፣ ለመሣሪያው ሥልጠና የዋሉት ሥዕሎች ባለቤቶች ምን ይገባቸዋል የሚለው ሌላው ነው። በመጀመሪያው ላይ አገሮች ተለያይተዋል። የአሜሪካ ይግባኝ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በቴለር ጉዳይ መሣሪያ ደራሲ ሊሆን እንደማይችል አጸና፤ የቤጂንግ ኢንተርኔት ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ትእዛዙን ደጋግሞ የመረጠና ያረመ ሰው ለምስሉ ባለመብት ነው አለ፤ እንግሊዝ ደግሞ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮምፒዩተር ለተሠራ ሥራ ዝግጅቱን ያደራጀውን ሰው ደራሲ የሚያደርግ አንቀጽ አላት። የእኛ አዋጅ የሥራ አመንጪን በአእምሮው የፈጠረ ሰው አድርጎ ስለሚተረጉም መሣሪያውን ማስገባት አይቻልም፤ ትእዛዝ የጻፈው ሰው ግን ይገባ እንደ ሆነ ገና ዳኛ የተነተነው ነገር አይደለም። በ1884ቱ ፍርድ መንፈስ ብንሄድ መልሱ ሰውዬው ምን ያህል መረጠ በሚለው ላይ ይንጠለጠላል፤ ይህም ሁሉንም ምስል በአንድ ቃል ከመፍረድ ይሻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 በአንድ ሳምንት ልዩነት ሁለት ፍርድ ቤቶች ተቃራኒ የሚመስል ነገር ተናገሩ፤ የለንደኑ በፎቶግራፍ ድርጅቱ በጌቲና በሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያው በስታቢሊቲ ጉዳይ የሠለጠነው ሞዴል ሥዕሎቹን በውስጡ ስለማያከማች ራሱ ሕገ ወጥ ቅጂ አይደለም ሲል፣ የሙኒኩ በዘፈን ግጥሞች ላይ ሞዴሉ በቃሉ የያዘው ነገር መባዛት ነው አለ። አንዱ ስለ ሥዕል፣ ሌላው ስለ ግጥም መሆኑ፣ ሕጎቹም የሁለት አገር መሆናቸው ተቃርኖውን ያለዝበዋል እንጂ አያጠፋውም። ዲዝኒና ዩኒቨርሳል እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስል በሚያወጣው በሚድጆርኒ ላይ ያቀረቡት ክስ በበኩሉ ስለ ታወቁ ጀግኖች መልክ ነው፤ ይኸውም ወደ አድናቂው ሥዕል ጥያቄ ይመልሰናል።

የቅጂ መብት ሐሳብንና ዘይቤን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የተገለጠውን ሥራ ነው። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ ሰው ፎቶግራፉን በጃፓናዊው የጂብሊ ስቱዲዮ ዘይቤ እያስለወጠ ሲለጥፍ አንድም ማጣሪያ አላስቆመውም፤ የተወሰደው የአንድ ሥዕል አሻራ ሳይሆን የብዙ ዓመት እጅ ልምድ ነበርና። ከዚህ የሚከተለው ነገር ማጣሪያ የዘረጉትን ሁሉ ሊያሳፍር ይገባል፦ አንዱን ጀግና ወድዶ፣ ስሙን ጠርቶ፣ ሌሊት ተቀምጦ የሣለው ወጣት ይታገዳል፤ ከብዙ ሠዓልያን ሥራ ተጨምቆ ማንንም ሳይጠራ የወጣው ምስል ያልፋል። ጥበቃው የተነሣው ሠዓሊውን ለመጠበቅ ከሆነ ሚዛኑ ተገልብጧል።

በጌዴኦ ምድር ያልተቋጨው

ይህ ሁሉ የግል ባለቤትን የሚመለከት ነው፤ የጋራ የሆነ መልክ ግን ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። በፍስሐ ገነት ዙሪያ ያለው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲሰፍር፣ በጨልባ ቱቱቲና በቱቱ ፈላ ያሉት ትክል ድንጋዮች ሥዕላቸው በዓለም ተሰራጨ። በሳካሮ ሶዶ ባሉት ትክል ድንጋዮች ላይ የተደረገው ጥናት ዕድሜያቸውን ወደ 1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወስዶታል፤ የሠሪዎቹ መብት ቢኖር እንኳ ዘመኑ ካለፈ ቆይቷል፤ የሚጠበቀው እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች ከአንድ ስፍራ ቆመው በአንድ ብርሃን አንዱን ድንጋይ ቢያነሡ 64ቱ አኃዞች ሊቀራረቡ ይችላሉ፤ አስቀድሞ ያስመዘገበው ባለቤት፣ በስተኋላ የመጣው ሌባ መስሎ ይታያል፤ በስተኋላ የመጣው የዚያው ቀበሌ ልጅ ቢሆንም እንኳ።

ስለ ስም ነገር ግን ጌዴኦ ልምድ አላት። የኢትዮጵያ መንግሥት በአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤቱ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋ ጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ የንግድ ምልክት ለማድረግ አመልክቶ፣ ከስታርባክስ ጋር የተነሣው ክርክር እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት ተቋጨ። የጋራ የሆነ ስም ባለቤት ሊያገኝ ችሏል። የጋራ ለሆነ መልክ ግን እንዲህ ያለ መንገድ የለም፤ ኮንቴንት አይዲ እንኳ የሚከፈተው ብቸኛ መብት ያለውና ብዙ ሥራ ያከማቸ ድርጅት ሆኖ ለሚቀርብ ነውና፣ ሶንጎ በሚባለው ባህላዊ ሸንጎ ጉዳያቸውን የሚመክሩ የጌዴኦ ሽማግሌዎች በዚያ በር የሚገቡበት ቅጽ አልተዘጋጀም።

የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ነገርም ከዚህ አይርቅም። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ የተቀመጠው፣ ከመቅደላ ተወስደው በብሪቲሽ ላይብረሪ ያሉትና ከእነርሱም ብዙዎቹ በኢንተርኔት የሚታዩት መጻሕፍት ሥዕላቸው የቅጂ መብት ዘመን የለውም። ዛሬ የቅዱሳን ምስል በሰው ሠራሽ አስተውሎት ወጥቶ በቴሌግራም ሲዘዋወር፣ ሠዓሊው ቀለም ከማንሣቱ በፊት ይጾምበት የነበረው ሥርዓት በትእዛዝ ለወጣው ምስል ይተካል ወይ የሚለው የሊቃውንት ጥያቄ ነው፤ ለሥልጠናው የዋሉት ሥዕሎች ለገዳማቱ አንዳች ነገር ያስገኙ ዘንድ በቅጂ መብት ወይስ በቅርስ ሕግ ይጠየቅ የሚለው ደግሞ የሕግ ሰዎች ጥያቄ ነው፤ በ1996 ዓ.ም. የተጻፈው አዋጅ ሁለቱንም ሳያነሣ በሥራ ላይ ይገኛል።